ቁርጡ ያልታወቀ ጊዜ

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ቃላችን «ቁርጥ» የሚለው ነው። ቁ፣ ር፣ ጥ። ጻፋችሁ? ሥጋውን ማለቴ አይደለም፤ «ቁርጡን ንገሩኝ» ስንል የምንጠቀምበትን ነው።

ሰው ክፉ ወሬ ይከብደዋል፤ ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ግን የባሰ ይከብደዋል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱትን ልጆቻችንን ማየት ይበቃል። ደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች ወደ ዐረብ አገር ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማሰስ በጀመረች ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ከወጣው የምሕረት ዐዋጅ በኋላ፣ ደግሞም በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት፣ እንደገና ብዙዎች መጥተዋል።

እንበል አንዲት ልጅ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ አንድ ሻንጣ ይዛ ደሴ ገባች። በመጀመሪያው ቀን እልል ይባላል፣ ዶሮ ይታረዳል። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት «ልትመለሽ ነው ወይስ ቀረሽ?» ማለት ይጀምራል። እናት ምንም አትልም፤ ዝምታዋ ግን ይሰማል። የላከችው ገንዘብ ለወንድሟ ትምህርትና ለቤቱ ቆርቆሮ ውሏል። ሌሊት አሠሪዋ የጠራቻት እየመሰላት ብድግ ትላለች። ፋብሪካ ትግባ፣ ቡና አፍልታ ትሽጥ፣ ትዳር ትያዝ፣ አልወሰነችም። ከደሴ ጋቢ ደርቦ ሐረጎን የሚወርድ ሰው፣ ብርዱ ሳይለቀው የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለው ጋቢውን ያውልቅ አያውልቅ እንደሚቸገረው ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ስሜት ስንፍናም አይደለም፣ ዕብደትም አይደለም። ቫን ዤኔፕ የተባለ የፈረንሳይ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከአንድ ኑሮ ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ ከነበረበት ይለያል፣ ቀጥሎ ደጃፍ ላይ ይቆያል፣ በመጨረሻም ይገባል ብሏል። የየአገሩ ሥርዓት ሰውን በዚህ ደጃፍ የሚያሻግር መሆኑንም አሳይቷል። እኛም እኮ ይህን እናውቃለን። አራስ የምትጠየቅበትና የምትታረስበት ቀን አላት። ሙሽራ ሽማግሌና ሚዜ አለው። ሐዘንተኛ ቅሬው ይደርስለታል፤ ሦስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው ይቆጠርለታል። ከስደት ለተመለሰ ሰው ግን የሚቆጠርለት ቀን የለም። ደጃፉ ላይ ብቻውን ይቆማል።

ደላላው የሚመጣው በዚህን ጊዜ ነው። በአፋርና በጂቡቲ በኩል ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ በየመን የሚያልፈውን መንገድ ልጅቷ ታውቀዋለች። ጀልባ እንደሚገለበጥ፣ ሰው እየታገተ ከቤተሰቡ ገንዘብ እንደሚጠየቅበትም ሰምታለች። ግን ደላላው «ማክሰኞ ሌሊት እንነሣለን» ይላታል። ቀን ቆረጠላት! በእኔ አስተያየት ብዙ ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ የሚነሣው በድህነት ብቻ አይደለም፤ ከመጠበቅ መሄድ ስለሚቀለው ጭምር ነው።

ስለዚህ ደላላው ቀን ሳይቆርጥላችሁ ራሳችሁ ቁረጡ። «እስከ መስከረም ድረስ ስለ መሄድም ስለ መቅረትም አልወስንም» ብሎ ለቤተሰብ መናገር ይቻላል። ይህም ራሱ ቁርጥ ነው፤ ጎረቤት ሲጠይቅ እናትም የምትመልሰው ታገኛለች። ትልቁ ነገር እስኪታወቅ ድረስ ትንንሹን ነገር ማስያዝ ይጠቅማል፤ የምንነሣበት ሰዓት፣ ገበያ የምንወጣበት ቀን፣ ለትምህርት የምንቀመጥበት ምሽት የታወቀ ይሁን። ስለ ላካችሁት ገንዘብ ከቤተሰብ ጋር አንድ ቀን ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። መራር ንግግር ነው፤ ሳይነገር ሲቀር ግን በየምግቡ ሰዓት ይነሣል።

ቤተሰብም «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢና ይለቅልሽ» ብሎ አይቸኩል። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ለብዙ ልጆች እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ እዚያም ሥራ ቆሞ ነበር። በዚያን ጊዜ የተፈናቀለ ሁሉ፣ ቤቴን አገኘው ይሆን እያለ ማደር ምን እንደሆነ ያውቃልና ልጅቷን ሊረዳት ይችላል። እንዲያው ቡና ሲፈላ ጥሯት። በአቦሉ ዝም ብትል ግድ የለም፤ ቶናውና በረካው አለ። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ተዉት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተሰማ፣ ይህ በቡና ብቻ የሚመለስ አይደለም። ዱዓውም ጸሎቱም ሳይቀር፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱ። ብቻውንም አትተዉት።

አሁን ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንደኛው ነገ ጧት የምትሠሩትን፣ ሁለተኛው እስከ መስከረም የማትወስኑትን፣ ሦስተኛው የምታማክሩትን ሰው የሚናገር ይሁን። ፊደሉ ቢጣመም አትሠርዙት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን «ብድር» የሚለውን ቃል እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።