ከጋይንት የዜማ ቤቶች የተገኘ ሰላም

ፈተና ወድቀው፣ ወይም ካሰቡት ቦታ ርቀው ተመድበው፣ ወይም የወር ደመወዝዎ ወሩ ሳይጋመስ አልቆ ሲጨነቁ «እግዚአብሔር ሰላሙን ይስጥዎ» ያለዎት ሰው ይኖር ይሆናል። ቃሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህ ሰላም ምን ዓይነት እንደ ሆነና በመከራ መካከል እንዴት እንደሚገኝ አብራርቶ የሚነግር ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እንሂድ። ለምን ቢሉ፣ የዚህ አገር የዜማ መምህራን የሚያስተምሩት ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ ለጥያቄው የቀረበ ነውና።

አገሩ ምቾት የሞላበት አይደለም። ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የጉናን ተራራ ወገብ አልፈው ወደ ወልድያ በሚያደርሰው መንገድ ሲጓዙ ንፋስ መውጫን ያገኛሉ፤ ስሟ ራሱ ብርዷን ይናገራል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምድሩ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ዝናም በቀረ ቁጥር የስማዳና የጋይንት ገበሬ ይቸገራል፤ በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታም ከደረሰባቸው ወረዳዎች መካከል እነዚህ ይገኛሉ።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ዋና ዋና ምስክር ቤቶች የተተከሉት በዚህ በተቸገረ አገር ነው። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ የእስቴዋ ቆማም ለአንድ የዜማ ስልት ስሟን ሰጥታለች። ልጁ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ጠፍቶ ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የምትሰጠውም ባልቴት ራሷ የተረፋት አይደለችም። ማታ ደግሞ መብራት በሌለበት ጎጆ ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ቃሉን ያጠናል፤ ድጓውን ጨርሶ እስኪያስመሰክር ድረስ ዓመታት ያልፋሉ።

የዜማው አባት የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ጌዴዎን ቢቀጣው ኮበለለ፤ በመንገድም አንድ ትል ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ አይቶ ተመለሰ። ይህን ተረክ በየትምህርት ቤቱ ለፈተና ማበረታቻ ያህል ደጋግመው ነግረውናል፤ በእኔ አስተያየት ከመጠን በላይ። ስለ ሰላም የሚነግረን የኋለኛው ታሪክ ነው። ያሬድ በአክሱም በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈበት ጦር የቅዱሱን እግር ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ይህ የቅዱሳን ነው። እርስዎና እኔ ጦሩን እንሰማዋለን፤ ያመናልም።

ለእኛ ለምናመው ሰዎች የሚሆነው ትምህርት በድጓው ገጽ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉን ገልጠው ያዩ እንደ ሆነ ከቃላቱ በላይ ጥቃቅን ምልክቶችን ያገኛሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት አሰናዷቸው ይባላል። ዘመኑን ልብ ይበሉ! በ1521 ዓ.ም. ከሽምብራ ኵሬ ውጊያ በኋላ ለዓመታት የዘለቀው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ፣ መጻሕፍትንም አጥፍቶ ነበር። ሊቃውንቱ በዚያ አመድ ላይ ተቀምጠው ለዜማ ምልክት ሠሩ።

የቀደሙት ምልክቶች 8 ናቸው፤ መምህራንም እያንዳንዱን ከጌታ ሕማም ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ሂደት በመስቀል መንገድ መንገላታቱን፣ ድፋት የእሾህ አክሊል መድፋቱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያስታውሳል። ተማሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሲያርገበግብና ሲቆርጥ የሚከተለው እነዚህኑ ነው። የፋሲካን ደስታ ሲዘምርም ምልክቶቹ አይለወጡም። መከራው ካለፈ በኋላ የሚዘመር ዜማ ቢሆን ኖሮ ማንም አይደንቀውም ነበር፤ ይህ ግን ከመከራው ምልክት የተሠራ ነው።

ወንጌሉም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ሰላሙን እንደሚተውላቸው የነገራቸው ተይዞ በሚወሰድባት ሌሊት፣ ከእራት በኋላ ነበር። ጳውሎስና ሲላስም ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በፊልጵስዩስ እስር ቤት በእኩለ ሌሊት ዘመሩ። ስለዚህ «ችግሬ ሲቃለል ሰላም አገኛለሁ» የሚል ሰው ምናልባት ዕረፍት እያሰበ ይሆናል፤ ዕረፍትም የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ክርስቲያኖች ሰላም የሚሉት ሌላ ነው።

በዙር አምባ የሚማሩት መዋሥዕት ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ዜማ ነው። እናት ልጇን ቀብራ አንዳች መናገር ሲያቅታት ካህናቱ በእርሷ ፈንታ ይዘምራሉ፤ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ብቻውን ተቀምጦ በሐሳብ ብዛት ሰላም ያገኘ ሰው በዚህ አገር ሲነገርለት አልሰማሁም። ተማሪው በሌላ ሰው ቁራሽ፣ ሐዘንተኛዋም በሌላ ሰው ዜማ ትቆማለች።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደረሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ 16 ሴቶች በትግራይ ተዋጊዎች የደረሰባቸውን የመደፈር ግፍ ተናግረዋል፤ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ስለ ነበር ተገቢውን ሕክምና አላገኙም። እንዲህ ለተበደለች ሴት «እምነት ካለሽ ሰላም ታገኛለሽ፤ ዝም በይ» ማለት ኃጢአት ነው። ዳኛ፣ ሐኪምና የምታምነው ሰው ያስፈልጓታል። ዜማውን ያቆዩት አባቶች ጭረትን ጭረት ብለው፣ ርክርክንም ርክርክ ብለው ጻፉ እንጂ አልሸፈኑትም።

እርስዎም የራስዎ ጭንቀት ካለ፣ ሸፍነው ከመያዝ ለንስሓ አባትዎ ወይም ለታመነ ወዳጅ በስሙ ጠርተው ይንገሩ። ከዚያም በአንድ የበዓል ሌሊት ማኅሌት ቆመው ያድምጡ፤ መቋሚያ ባይኖርዎ ግድግዳ ይደገፉ። ሲነጋ ወደ መሪጌታው ቀርበው የድጓውን ገጽ እንዲያሳይዎ ይለምኑት። አብዛኞቹ መሪጌቶች ለጠየቃቸው ወጣት ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ፤ ቤተልሔም ያስመሰከረ ከሆነ ደግሞ ስለ ጋይንት ብርድና ስለ ውሾቹ ሳይነግርዎ አይለቅዎትም።