ድስትን አንኳኩቶ መግዛት ብቻውን አይበቃም

በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም ገበያ የሸክላ ድስት የምትገዛ እናት አስቀድማ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ጥርት ካለ ትገዛዋለች፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለው ብላ ትተወዋለች። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥሩ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ የብረት ድስትን ደኅንነት በዚህ መንገድ ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊገነዘቡት ይገባል።

ብረት ድስት እያልን የምንጠራው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚንየም ነው። ከፊሉ በፋብሪካ የተሠራ ሲሆን ከፊሉ ግን ከወዳደቀ ብረታ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። አሮጌ የሞተር አካል፣ ራዲያተርና የባትሪ ስብርባሪ ሳይለይ አብሮ ከቀለጠ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ከድስቱ ጋር ይዋሐዳል። ይህም ተማሪ ከሚጽፍበት እርሳስ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዓይን አይታይም፤ በምላስ አይቀመስም፤ በአመድ ቢፈተግም አይወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት ኬንያና ታንዛኒያ ከሚገኙባቸው አሥር አገሮች የተሰበሰቡ 42 የዚህ ዓይነት ዕቃዎችን መርምሯል። እንደ ኮምጣጤ የሚጎመዝዝ ፈሳሽ ሲፈላባቸው ከሦስቱ አንድ ያህሉ ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ለቀዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በእናት አጥንት ውስጥ ተከማችቶም በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ምልክቱ ፈጥኖ ስለማይታይ ወላጅ ልጁ ትምህርት ሲከብደው ያዝናል እንጂ ምክንያቱን ከድስቱ አይፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለድሀ ቤተሰብ ያለህን ድስት ጣል ማለት መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን በስብሰባ ላይ የሚከተሉትን ማስረዳት ይቻላል፦ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ሌላ የሚጎመዝዝ ነገር ያለበትን ምግብ ምንጩ በማይታወቅ ቀልጦ የተሠራ ድስት አለማብሰል፤ ወጥ በውስጡ አለማሳደር፤ የሕፃናትንና የነፍሰ ጡሮችን ምግብ በሸክላ መሥራት፤ አሮጌ ባትሪን በመንደር ውስጥ አለመስበርና አለማቅለጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህን ትምህርት ቤት ለቤት ሊያደርሱት ይችላሉ።

በዚህ ረገድ የሸክላ ሠሪዎች ሙያ ትልቅ ቦታ አለው። በሌሎች አገሮች የሸክላ ዕቃን አደገኛ የሚያደርገው የሚያብለጨልጭ የእርሳስ ቅብ በአገራችን ባህላዊ ድስት ላይ የለም። ሆኖም ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት የኖረችው በንቀት እየታየች ነው። ጭቃ የምትቆፍርበት ቦታ እንዳይነጠቅባትና ሥራዋ በገበያ እንዲከበርላት ማድረግ ከመሪዎች የሚጠበቅ ተግባር ነው። እርሷን የሚጠብቅ መሪ የመንደሩን ሕፃናትም ይጠብቃል።