ፊልሙ ያስተምር የነበረው፦ የራጅ ባለሙያዎች ሥልጠና ከዲጂታል መሣሪያ በኋላ

ለብዙ ዓመታት የራጅ ተማሪ ስሕተቱን ያይ የነበረው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ጨረሩ ከበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፤ ካነሰ ይነጣል። መምህሩ አንድ ቃል ሳይናገር ተማሪው የኪሎቮልትና የሚሊአምፔር ሰከንድ ምርጫውን ያርም ነበር። ዲጂታል መሣሪያ ይህን ዳኛ አስቀርቶታል። ኮምፒዩተሩ የምስሉን ጥቁረትና ንጣት ራሱ ስለሚያስተካክል፣ ጨረሩ ከሚያስፈልገው በእጥፍ ቢበልጥም ምስሉ አምሮ ይወጣል። ጨረሩ ሲያንስ ግን ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበትና ሐኪሙ ያማርራል። ባለሙያውም ቅሬታ ላለመስማት ሲል መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋል፤ ዕዳው የሚያርፈው በበሽተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ያስተምር የነበረውን ዛሬ ማስተማር የሚገባው ትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪው ከምስሉ ጋር የሚወጣውን የጨረር መጠን አመልካች ቁጥር ማንበብ፣ የተደገመውንም ምስል ከነምክንያቱ መመዝገብ መልመድ አለበት። የተበላሸ ፊልም ቢያንስ በቅርጫት ውስጥ ይቆጠር ነበር፤ የተበላሸ ዲጂታል ምስል ግን በአንድ ቁልፍ ይጠፋል።

ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛው በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ወሰን አስቀምጧል። ለበሽተኛው የተቀመጠ ወሰን የለም። አንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን የሆድ ሲቲ ስካን ወደ 8 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። በሽተኛውን የሚጠብቀው የምርመራው አስፈላጊነትና የባለሙያው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

የበሽተኛውን አቀማመጥ ደግሞ የትኛውም ኮምፒዩተር አያርመውም። ተጋድሞ ከፊት ወደ ኋላ የተነሣ የደረት ራጅ ጤናማውን ልብ ያበጠ ያስመስለዋል፤ አነሣሡ በምስሉ ላይ ካልተጻፈ ሐኪሙ የሌለ በሽታ ሊያክም ይችላል። አንጀቱ ወይም ጨጓራው ተበስቷል ተብሎ የተጠረጠረ በሽተኛ ከመነሣቱ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቆየት አለበት፤ ያመለጠው አየር ወደ ድያፍራም ሥር የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ቀጥ ማለት ካልቻለ በግራ ጎኑ አስተኝቶ ጨረሩን በአግድም መላክ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በሽተኛውን ከአልጋው እንዳነሣው ወዲያው ራጁን ያነሣል፤ አየሩ ሳይታይ ይቀርና ቀዶ ሕክምናው ይዘገያል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተማሪው አይደለም። በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ደረት» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሐኪም ጥቂት አይደለም። «ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ አንጀት ተበስቶ ይሆን?» የሚል አንድ መስመር ቢታከልበት፣ በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ ማንም ሳያዝዘው በሽተኛውን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ሰዓቱን ይመለከታል።