ሐርጌሳ ላይ ግቢ ውስጥ ገንዳ ከመቆፈርዎ በፊት

ግቢዬ ውስጥ ገንዳ ላስቆፍር ብለዋል እንበል። አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ለመዋኛ ነው ወይስ ለቢርካ?

ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ መሬት ውስጥ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ገንዳ ነው። ጅግጅጋ ወይም ደገሃቡር የኖረ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በሐውድ ሜዳ መስፋፋት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ1950ዎቹ ነው። ሐርጌሳ ደግሞ ዋናው የቧንቧ ውሃዋ የሚመጣው በስተሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው የገድ ዴብሌ ጉድጓድ ነው። ቻይናውያን በ1970ዎቹ ሲሠሩት ለትንሽ ከተማ ነበር የታሰበው። ከተማዋ ግን በ1988 በጦርነት ከፈረሰች በኋላ እንደገና ተሠርታ በጣም ሰፋች። ቧንቧው ያልደረሰው ሰው ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ ይገዛል።

መዋኛስ ቢሆን? ስሌቱን አብረን እንሥራው። 8 በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48 ሺህ ሊትር ይይዛል። 10 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ አምስት ምልልስ ማለት ነው። ዋናው ወጪ ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዚህ ደረቅና ነፋሻ አየር ክፍት ውሃ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተናል። ከዚህ ገንዳ 160 ሊትር ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር የሚጠቀም የስምንት ሰው ቤተሰብ የቀን ውሃ በየቀኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሆቴል ከሆኑ ይሁን። ለመኖሪያ ግቢ ግን እኔ አልመክርም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ቢርካ ነው። የቦታ አመራረጡም ሆነ ፈቃዱ ለመዋኛም አይለይም።

ቢርካው ምን ያህል ይሁን? ጣሪያዎን ይለኩ። ሐርጌሳ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ 40 ሺህ ሊትር ይቀበላል። የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 32 ሺህ ቢገባልዎ ጥሩ ነው። ውስጡ 4 በ3፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር የሆነ ቢርካ 30 ሺህ ሊትር ስለሚይዝ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ግቢው ውስጥ የት ይቆፈር? ብዙ ሰው ባዶ ወደሚመስለው ጥግ ይሄዳል። እርስዎ ግን ኖራ ይያዙና የማይነካውን ቦታ መሬት ላይ ያስምሩ።

ከዛፉ ይጀምሩ። የዛፍ ሥር አብዛኛው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ያውም ከላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ። የዛፍ ባለሙያዎች ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ድረስ አይቆፈር ይላሉ። ውፍረቱን ለማወቅ መጋዝ አያስፈልግም። በደረትዎ ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ያገኙትን በአራት ያባዙ። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግራር ቢኖርዎ 3 ሜትር ከ76 ይመጣል። ከግንዱ እስከዚያ ድረስ ዙሪያውን በኖራ ያስምሩ። የተቆፈረውንም አፈር እዚያ ውስጥ አይከምሩበት። ሥር አየር ያስፈልገዋል፤ ከከባድ አፈር ሥር ታፍኖ ይደርቃል።

«ታዲያ ዛፉን ብቆርጠውስ?» ይሉ ይሆናል። ከሰል ዋና ማገዶ በሆነበት አገር በከተማው ዙሪያ ያለው ግራር ምን እንደሆነ ያዩታል። ጥላ የሰጠ ዛፍ ለማደግ ዓመታት ፈጅቷል፤ ቢርካው ግን ሁለት ሜትር ገለል ቢል ምንም አይጎዳም። ዛፉ ከአጥር ውጭ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ አይደለም፤ ሳይጠይቁ አይንኩት።

አንድ ዛፍ ግን ከቢርካ ጋር አይስማማም። ሶማሌዎች ደማስ የሚሉት ነው። የትውልድ ቦታው ይኸው አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ተወስዶ በየመንገዱ ከተተከለ በኋላ ሥሩ ውሃ ፍለጋ የቧንቧ መስመር እየሰበረ አስቸግሯል። ደማስ ካለዎት ከላይ ካለው ልክ ይበልጥ ይራቁ። ከሌለዎት ቢርካ አጠገብ አይትከሉ።

ቀጥሎ ሽንት ቤቱ። ከተማዋ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ሁሉም የየራሱ ጉድጓድ አለው። ከራስዎም ከጎረቤትም ጉድጓድ 15 ሜትር ይራቁ። ቁልቁለት ካለ ቢርካው ከላይ ይሁን። ከዚያ የጎረቤት ግንብ። ቁፋሮው ከመሠረቱ ግርጌ ወደ ታች ባለፈ ቁጥር ያንኑ ያህል ወደ ጎን ይሽሹ። የግንቡ መሠረት 70 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ የእርስዎ ቁፋሮ 2.7 ሜትር ቢሆን፣ ሁለት ሜትር መራቅ ነው። ይህን ያልጠበቀ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል።

ከተሰመረው ውጭ የተረፈው መሬት የቢርካዎ ቦታ ነው። ካልተረፈ ቢርካውን ያሳንሱ።

ፈቃድ ያስፈልጋል? አዎ፣ ከቁፋሮው በፊት። በሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት መሬት የሕዝብ ነው። የከተማ መሬት የሚተዳደረው በ2001 በወጣው ሕግ ቁጥር 17 ነው፤ የሚሄዱትም ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው። ተከራይ ከሆኑ ባለቤቱን ይዘው ይሂዱ። የይዞታ ወረቀቱንና በኖራ ያሰመሩትን በወረቀት ላይ ከነልኩ ገልብጠው ቢይዙ ነገሩ ያጥራል። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያየው ቦታው ለመኖሪያ መመደቡን፣ መንገድ አለመዝጋቱንና የወንዝ ዳር አለመሆኑን ነው። የማሮዲ ጄህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ይመስላል፤ ሲሞላ ግን ይዞ ይሄዳል። መንገድ መዝጋት ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። በሚያዝያ 2022 መጀመሪያ የሐርጌሳው ዋሂን ገበያ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖች በሱቆቹ ጥግግት የተነሳ መግባት ተቸግረው ነበር።

ጅግጅጋ ለሚኖሩ አንባቢዎች፦ በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ይወሰዳል። የፕላን ስምምነት ማለት ያሰቡት ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር እንደማይጋጭ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው።

ወጪውስ? ዋጋ ስለሚለዋወጥ በመጠን ልንገርዎ፤ እርስዎ በሰሞኑ ዋጋ ያባዙ። ከላይ ላለው የ30 ሺህ ሊትር ቢርካ ቁፋሮው 50 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አፈሩ ሲፈታ ያብጣልና በሲኖትራክ አራት ጭነት ይሆናል። የድንጋይ ግንቡ 40 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር 16 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ለግንቡ፣ ለወለሉ፣ ለልስኑና ለላይኛው ሶሌታ 45 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ፌሮውና የጣሪያው አሸንዳ ለብቻ ይታሰባል። ለግንበኛው ዛድ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ይክፈሉ፤ መልእክቱ ስልክዎ ላይ ስለሚቀር ክርክር ይቀንሳል።

ሶሌታው ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ክፍት ቢርካ ውሃውን ለፀሐይ፣ ልጅን ለአደጋ ይሰጣል። መክደኛው የሚቆለፍ ይሁን። ለጽዳት የሚገባ ሰው ካለ አንድ ቀን አስቀድመው ይክፈቱት፤ የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ ፈጽሞ ውስጥ አይነሳ፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ጊዜውን ያስሉ። ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዝናብ በሚያዝያ ይገባል፤ ቁፋሮው በጥር ቢጀመር ይመረጣል። ልስኑ ካለቀ በኋላ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ቢርካው አያስገቡት። አሸንዳውን ወደ ዛፉ ያዙሩት።