አንቀጽ ማለት በር ነው፦ ስለ አንድ የጣሊያንኛ ግስ እርባታና ስለ ውጫሌ ውል

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኔም ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከሥሩ የሚጀምር ነው፤ ሥሩም አንድ ግስ ነው። አንባቢ «አገር በስንት ነገር ተወጥራ ይህ ሰውዬ ስለ ሰዋስው ይጽፋል እንዴ?» ቢለኝ አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ግን ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ እንዳልሆነ እንስማማለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እዚህ ሮማ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአዲስ መጤ ወገኖቻችን ጣሊያንኛ እናስተምራለን። መምህር ነኝ ለማለት አልደፍርም፤ ቀድሞ የመጣ ለኋለኛው መንገድ ያሳያል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ቀን በባዳንቴነት አንዲት አሮጊት እመቤት ለመንከባከብ የምትቀጠር እህታችን ወረቀት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ነገ የምፈርመው ውል ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ከውሉ ነጥቦች አንዱ ሠራተኛዋ እሑድም ለመሥራት «አኮንሴንቴ» ይላል።

«ይህ ምን ማለት ይመስልሻል?» አልኳት።

«ከፈለግሽ እሑድም መሥራት ትችያለሽ ማለት ነው። እንደዚያ ብለው ነው የነገሩኝ።»

ለጊዜው ዝም አልኩ። በአፍ የተነገራት «ትችያለሽ» ነው፤ በወረቀት የሰፈረው ግን «ትስማማለች» ነው። ይህን ልዩነት ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። «አኮንሴንቲሬ» እና «ኮንሴንቲሬ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እርባታቸውም አንድ ነው። ሁለተኛው ግስ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ላይ የተቀመጠው ግስ ነው። ስለዚህ የዕለቱን ትምህርት ትቼ ይህንኑ ግስ ከተማሪዎቼ ጋር ማርባት ጀመርኩ። እነሆ ያረባነው።

ግሱና ቤቱ

የጣሊያንኛ ግስ ገና ሳይረባ፣ በንዑስ አንቀጹ፣ በሦስት ቤት ይከፈላል። በ«አሬ» የሚጨርስ አለ፣ እንደ ፓርላሬ (መናገር)፤ በ«ኤሬ» የሚጨርስ አለ፣ እንደ ክሬዴሬ (ማመን)፤ በ«ኢሬ» የሚጨርስ አለ፣ እንደ ሴንቲሬ (መስማት)። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በዚህ አይደነቅም። የእኛ ሊቃውንት የግዕዝን ግስ በስምንት አርእስት መድበውታልና፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። የቤቱን አለቃ ያወቀ ቤተ ሰቡን ሁሉ ያረባል። ከስምንቱ አንዱ ክህለ ሲሆን ትርጉሙ «ቻለ» ነው። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

ኮንሴንቲሬ ከሦስተኛው ቤት ነው፤ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ግስ ነው። አፈጣጠሩም ደስ ይላል። «ኮን» አብሮ ማለት ነው፣ «ሴንቲሬ» መስማት። አብሮ መስማት ማለት ነው። የእኛም «መስማማት» ከ«ሰማ» የወጣ አይደለምን? ሁለቱ ሕዝቦች ስምምነትን ከጆሮ መጀመራቸው ያስገርማል፤ በውጫሌ ግን አንዱ ያሰማውን ሌላው አልሰማም።

በአሁን ጊዜ ሲረባ እንዲህ ይሆናል፦ ኮንሴንቶ (እስማማለሁ)፣ ኮንሴንቲ (ትስማማለህ፣ ትስማሚያለሽ)፣ ኮንሴንቴ (ይስማማል፣ ትስማማለች)፣ ኮንሴንቲያሞ (እንስማማለን)፣ ኮንሴንቲቴ (ትስማማላችሁ)፣ ኮንሴንቶኖ (ይስማማሉ)። ሥሩ «ኮንሴንት» አይነቃነቅም፤ ጅራቱ ብቻ ነው ባለቤቱን የሚናገር። አማርኛ ወንድና ሴትን ለመለየት ግሱን ራሱን ይለውጣል፤ ጣሊያንኛ በዚህ ቦታ አይለይም። ለአክብሮት «እርስዎ» ሲሉ ደግሞ እንደ ሦስተኛ መደብ ነጠላ አድርገው «ኮንሴንቴ» ይላሉ።

ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንሻገር «ኮንሴንቲቫ» ይስማማ ነበር፣ «አ ኮንሴንቲቶ» ተስማምቷል ማለት ነው። ወደ ትንቢት ስንሻገር «ኮንሴንቲራ» እናገኛለን። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይሰናከላሉ። ምክንያቱም በአማርኛ «ይስማማል» ዛሬም ነው፣ ነገም ነው። «ነገ ይመጣል» እና «ዘወትር ይመጣል» በአንድ ቅርጽ ይነገራሉ። ጣሊያኑ ግን ሁለቱን በሁለት ጅራት ይለያቸዋል።

ሁናቴ ወይም «ሞዶ»

ጊዜ «መቼ?» ለሚለው ይመልሳል። «ሞዶ» የሚሉት ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፦ ተናጋሪው ነገሩን እንደ እርግጥ ይናገረዋል ወይስ እንደ ምኞት፣ እንደ ጥርጣሬ፣ እንደ ትእዛዝ?

የመጀመሪያው «ኢንዲካቲቮ» ነው፤ ነገሩን እንደ እርግጥ ያስቀምጣል። ኮንሴንቴ፣ ይስማማል፣ አለቀ። ሁለተኛው «ኮንጁንቲቮ» ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ዘንድ አንቀጽ የሚሉት ጎረቤቱ ነው። «ይስማማ ዘንድ እመኛለሁ» ስንል ጣሊያኑ «ኮንሴንታ» ይላል። ይህም የኃላፊ ቅርጽ አለው፣ «ኮንሴንቲሴ»፣ ቢስማማ። ሦስተኛው «ኮንዲትሲዮናሌ» ነው፤ በሁኔታ የተንጠለጠለ ነው። «ኮንሴንቲሬቤ» ማለት ይስማማ ይሆናል፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በተስማማ ነበር እንደማለት ነው። አራተኛው ትእዛዝ ነው፣ ተስማማ!

አንድ ነገር ልጨምር። በሕግና በውል ቋንቋ ኢንዲካቲቮ ከትእዛዝ ይልቅ ይጠብቃል። የቤት ኪራይ ውል «ተከራዩ በየወሩ ኪራዩን ይከፍላል» ቢል ወሬ እየነገረን አይደለም፤ ተከራዩን እያሰረው ነው። የእህታችንም ወረቀት «ትስማማለች» ሲል ባሕርይዋን እየገለጸ ሳይሆን እሑዷን እየወሰደ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እንደሚታወቀው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889) በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በፔትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»። በጣሊያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል «ኮንሴንቴ»።

ብዙ ጊዜ «አንድ ቃል ተቀየረ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን የተለወጠው ከቃል በላይ ነው እላለሁ፤ ግሱን የሚይዘው ባለቤት ተለወጠ። «ይቻላቸዋል» የሚለውን እንፍታው። የግሱ ባለቤት ንጉሡ አይደሉም፤ የሚቻለው መላላኩ ነው። ንጉሡ «ኣቸው» በምትለዋ የአክብሮት ምዕላድ ውስጥ፣ በሩ የተከፈተላቸው ሆነው ተቀምጠዋል፤ ቢሹ ይገባሉ፣ ባይሹ ይተዋሉ። በጣሊያንኛው ግን ንጉሡ የግሱ ባለቤት ሆነዋል። ተስማሚው እርሳቸው ናቸው፤ ስምምነቱም በኢንዲካቲቮ፣ በአሁን ጊዜ፣ ያለ «ቢሆን» ያለ «ምናልባት» ተፈጽሟል።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገራችሁ። በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛ ግስ አለ። ከሌሎች መንግሥታት ጋር «ሊኖራቸው ለሚችል» ጉዳይ ሁሉ ሲል «አቬሴ» ይላል፤ ይህ «አቬሬ» (መኖር፣ መያዝ) የሚለው ግስ የኃላፊ ኮንጁንቲቮ ነው። ስለዚህ አርቃቂው የጥርጣሬን ቅርጽ አጥቶት አልነበረም፤ በእጁ ነበር። ጥርጣሬውን ለጉዳዩ ሰጠ፣ እርግጡን ለስምምነቱ። ጉዳይ ሊኖራቸውም ላይኖራቸውም ይችላል፤ ከኖራቸው ግን ተስማምተዋል። ተንኮል ነው ወይስ ስሕተት? ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂልዮ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ጉዳይ በመጽሔት ላይ ተሟግተውበታል። ዓረፍተ ነገሩን ያረባ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ውሉ በአሥራ ዘጠነኛው አንቀጹ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። እንግዲህ በውጫሌ ከሁሉ የከፋው ሐሰት ምናልባት ይህ ነው። የፍራንቼስኮ ክሪስፒ መንግሥት በኦክቶበር 1889 የበርሊንን ስምምነት ጠቅሶ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ፣ መልሱ በኢጣሊያ በኩል እንደሚሄድ ሲነገራቸው ነው። በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። የቀረውን አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተናገረው። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ውጫሌ ተሻረ፣ የኢትዮጵያም ፍጹም ነጻነት ታወቀ።

በነገራችን ላይ፣ ኢጣሊያ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አልነበራትም የሚል ካለ ይሳሳታል። ኢግናትሲዮ ግዊዲ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን እዚሁ ሮማ ያሳተመው በዚያው በ1889 ነው። የእኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ፣ ስለ ፖለቲካው የምንለው ቢኖረንም፣ በ1911 ስለ አማርኛ ግስ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በጣሊያንኛ ጽፎ በሮማ አሳትሟል። ግስ ብቻውን መጽሐፍ እንደሚገባው የገባው ይመስለኛል።

የትንቢት አንቀጽ

ስለ ትንቢት ጊዜ ምሳሌ ስፈልግ ተማሪዎቼን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ እወስዳቸዋለሁ። ዛሬ እዚያ የሚታይ ሐውልት የለም፤ ትምህርቱም እርሱ ነው። በ1937 የተተከለው የአክሱም ሐውልት እዚያ ቆሞ ነበር። በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 37 ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ «ሬስቲቱዊራ» ይላል፣ ትመልሳለች። ከዚያው ከሦስተኛው ቤት የሆነ ግስ፣ በትንቢት ጊዜ። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በአክሱም የቆመው በ2008። አሥራ ስምንቱ ወር ወደ ስድሳ ዓመት ተጠጋ። ትንቢት አንቀጽ ያለ ጠያቂ እንዲህ ይረዝማል።

መደምደሚያ

«አንቀጽ» በእኛ ሰዋስው ግስ ነው፤ በሕግ ክፍል ነው፤ በግዕዝ ጥንተ ትርጉሙ ግን በር ነው። በር ደግሞ የሚያስገባም የሚዘጋም ነው። እኛ በስደት ያለን ሰዎች በየቢሮው «አኮንሴንቶ» የሚል ሣጥን ላይ ምልክት እያደረግን እንኖራለን። «ለእንጀራ የሚበቃኝን ጣሊያንኛ አውቃለሁ» የሚል ወገን ብዙ ነው፤ ስሞቹን ያውቃል፣ ዳቦ፣ ሥራ፣ ቤት፣ ወረቀት። የሚያስረው ግን ስሙ አይደለም፤ ግሱ ነው። ማን? መቼ? በእርግጥ ወይስ ቢሆን? እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቁ መፈረም ሌላው ባረባልን ግስ ውስጥ መኖር ነው።

ለእህታችን ያልኳት ይህንኑ ነው። «አኮንሴንቴ» የሚለውን አስወጥታ «ፑኦ» (ትችላለች) እንዲያስገቡላት ጠየቀች። «ፑኦ» የመጣው «ፖቴሬ» ከሚለው ግስ ነው። ፖቴሬ ሥርዓቱን የማይጠብቅ፣ እርባታው አስቸጋሪ የሆነ ግስ ነው። በስምነቱ ደግሞ ሥልጣን ማለት ነው። መቻልና ሥልጣን አንድ ቃል ናቸው። ምኒልክ በአማርኛው የያዙት ይህንኑ ነበር፣ ክህለን።

በሚቀጥለው እሑድ እህታችን ክፍል መጥታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ ውሉ አልጠየቅኳትም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ መቀመጧ መልስ ነበር።

ቸር ያሰማን።