የመረጃ መለዋወጫ ሞዴል

የመረጃ መለዋወጫ ሞዴል ማለት አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመዘገበውን መረጃ ሌላው ፕሮግራም ትርጉሙ ሳይዛባ እንዲረዳው የሚያስችል የጋራ አደረጃጀት ነው። ፋይሉ በኤክስኤምኤል ወይም በጄሰን መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ እነዚህ የአጻጻፍ ስልቶች ናቸው እንጂ የትርጉም ስምምነት አይደሉም።

ችግሩ በሰው ስም ላይ ጎልቶ ይታያል። የአድራሻ መለዋወጫ የሆነው ቪካርድ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛ እትሙ ሙሉ ስምን ብቻ ሳይሆን በቤተሰብ ስምና በራስ ስም የተከፋፈለ ስምንም ግዴታ አድርጎ ነበር። በኢትዮጵያ ልማድ ግን የቤተሰብ ስም የለም። ለምሳሌ አልማዝ በቀለ የተባለች ሴት «በቀለ» በሚለው ብቻ ከተጠራች የተጠራው አባቷ ነው፤ የልጆቿም ሁለተኛ ስም የባሏ ስም ስለሚሆን፣ ቤተሰብን በስም የሚያዛምድ ፕሮግራም እናትን ከልጆቿ ይለያል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው 4ኛ እትም ሙሉ ስምን ብቻ ግዴታ አድርጎ የተከፋፈለውን ለተጠቃሚው ተወው። ትንሽ የሚመስል ለውጥ ቢሆንም ትክክለኛ ነበር።

ቀንም እንዲሁ ነው። በ1980 ዓ.ም. መወለዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የተወለደው ከመስከረም 1987 እስከ መስከረም 1988 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ሞዴሉ ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሟሉ አልቀበልም ካለ መዝጋቢው የፈጠራ ቀን ይሞላል፤ መረጃውን የተቀበለው ፕሮግራም ደግሞ ያን ቀን እንደ እውነት ይወስደዋል። ስለዚህ ዊኪዳታ ከቀኑ ጋር የትክክለኛነቱን ደረጃ ይመዘግባል። ሆኖም የሚቀበለው የጎርጎርዮስንና የዩልዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው።

በጣም ተጣጣፊ ከሆኑት ሞዴሎች አንዱ የዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው አር.ዲ.ኤፍ ነው። በዚህ ሞዴል ማንኛውም መረጃ ባለቤት፣ ግንኙነትና ዋጋ ባሉት ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ «ኢትዮጵያ — ዋና ከተማ — አዲስ አበባ»። ለነገሮቹና ለግንኙነቶቹ የድር አድራሻ የሚመስል ቋሚ መለያ ስለሚሰጣቸው፣ አዲስ ዓይነት መረጃ ሲመጣ ያለው ሰንጠረዥ ሳይፈርስ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል። ዊኪዳታም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ ኢትዮጵያ በዚያ «ኪው 115» ስትሆን በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ብትጠራ መለያዋ አይለወጥም።

ልቅነቱ ግን ዋጋ አለው። አንዱ ፕሮግራም «ስልክ»፣ ሌላው «ሞባይል» የሚል ግንኙነት ቢፈጥር አር.ዲ.ኤፍ በራሱ አይከለክልም፤ የተጓደለ መረጃንም አይለይም። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሻክል የተባለው ደንብ የወጣው መረጃው ማሟላት ያለበትን ለይቶ ለመጻፍና ለመፈተሽ ነው።