እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ታዲያ የት ነው ያለው?



ሰሞኑን እዚህ ፍኖተ ሰላም አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ዶክተር፣ እርሳስ በልቶብኛል! መርዝ ነው አይደል?» ልጁ ግን የጠቆረ ጥርሱን እያሳየ ይስቃል።

እናትየው ግማሹን ልክ ናት። እርሳስ የሚባለው ብረት እውነትም መርዝ ነው። የልጇ መጻፊያ ውስጥ ግን የለም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ?

በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ለመጻፍ የሚመች ጥቁር ማዕድን ተገኘና ሰው የእርሳስ ዓይነት መሰለው። በ1779 እ.ኤ.አ. ሼሌ የተባለ ኬሚስት ካርቦን መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ ግራፋይት የምንለው ነው። ስሙ ግን እርሳስ እንደሆነ ቀረ።

እውነተኛውን እርሳስ ማን እንዳገኘው አይታወቅም፤ የሰው ልጅ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያቀልጠው ኖሯል። ለስላሳ ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም፣ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ሮማውያን የውሃ ቧንቧ ሠሩበት። በ1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፕላንቴ ባትሪ ሠራበት። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር፤ ለመኪና ቤንዚን መሸጡን መጨረሻ ላይ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ.።

ለምን ልጆችን ይጎዳል?

ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወደ አንጎልም ያስገባዋል። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው መጠን ከአዋቂ 4 እና 5 እጥፍ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ከሆነች እናትም ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም።

ክፋቱ ድምፅ የለውም። ልጁ ትምህርት አልገባህ ይለዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ይደርቅበታል፣ ደም ያንሰዋል። እኛ ደግሞ «ሰነፍ» እንለዋለን። መጠኑ በጣም ሲበዛ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ያስታል።

ቤታችን ውስጥ የት አለ?

1. የግድግዳ፣ የበርና የመስኮት ቀለም። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በፊት የተቀባ ቤት ግን ብዙ ነው። የተላጠ ቀለም ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ አርጥቡት፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አርቁ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

2. የመኪና፣ የባጃጅና የሶላር ትልልቅ ባትሪዎች። የሞተ ባትሪ ግቢ ውስጥ መፍታት፣ ይባስ ብሎ እርሳሱን ማቅለጥ፣ አፈሩንም ልጆቹንም ይመርዛል። ሳትከፍቱ እንዳለ አስረክቡ። ጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ።

3. ኩል። አንዳንዱ ኩል የሚፈጨው ጋሊና ከሚባል የእርሳስ ማዕድን ነው፤ በዓይን አይለይም። ለሕፃን ዓይን ኩል ይቅር።

ምግብስ? ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን አብዝቶ ይወስዳል። ምስር፣ ጎመን፣ ወተት አትንፈጉት። ከመብላቱ በፊት እጁን አስታጥቡት።

ሕክምና አለው?

መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ምንጩን ማራቅ ነው፤ መጠኑ በጣም ከፍ ካለ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን መድኃኒቱ አይመልሰውም። ለዚህ ነው መከላከሉ ላይ የማተኩረው። ልጃችሁ ቀለም እየላጠ የሚበላ ከሆነ ወይም ቤታችሁ አጠገብ ባትሪ የሚቀልጥ ከሆነ ምልክት ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ።

ያቺን እናት «አፉን አጉመጥምጪውና ወደ ቤት ግቡ» አልኳት። ልትወጣ ስትል «የቤታችሁ በር ቀለሙ ይላጣል?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና «እሱማ ሁልጊዜ ሲልጠው ነው የሚውለው» አለች።

እናንተም ዛሬ በራችሁን እዩት። ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው።